«ይሄማ ታይ ቺ አይደለም» ላላችሁኝ

ጽሑፉ ረጅም ነው። ሥራ ላይ ያላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሁድ የእናቴን ቪዲዮ ለጥፌ ነበር። አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ግቢያችን ውስጥ ከኮባው አጠገብ ቆማ፣ እጆቿን ደረቷ ፊት ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፤ አንድ እግሯን ታስቀድማለች፣ ሌላው ይከተላል። 67 ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከሶፋ ለመነሳት የሰው ክንድ ትፈልግ ስለነበር እኔ ደስ ብሎኝ ነው የለጠፍኩት።

ከዚያ ኮሜንቱ መጣ። አንዱ «ወንድሜ፣ ይሄማ ታይ ቺ አይደለም፤ ዋናው ቼን ስታይል ነው፤ ይሄ የአሮጊት ጭፈራ ነው» አለ። ሌላው ተነስቶ «ቼንም ቢሆን ቅጂ ነው፤ ምንጩ ዉዳንግ ተራራ ነው» አለው። ሦስተኛው «24ቱን ፎርም ሳያውቁ ታይ ቺ ብሎ ነገር የለም» ብሎ ሁለቱንም ገሠጸ። አራተኛው ደግሞ ከሁሉም የከበደውን ጻፈ፦ «እናትህን ባዕድ አምልኮ እያስተማርክ ነው፤ ፈጣሪን ፍራ።»

እኔ እንኳ ለምጄዋለሁ። ችግሩ ታናሽ እህቴ ኮሜንቱን አንድ በአንድ ለእማዬ ማንበቧ ነው። ሰኞ ጠዋት እማዬ ወደ ግቢ አልወጣችም። ማክሰኞም አልወጣችም። ረቡዕ ቁርስ ላይ ሻይዋን እያማሰለች «ልጄ፣ ይሄ ያስተማርከኝ ነገር የውሸት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። እህቴ ይህንንም ታነብላታለች። እናንተም አንብቡት፤ በተለይ የመጀመሪያውን ኮሜንት የጻፍከው ልጅ። አልተቀየምኩህም። የዛሬ ስድስት ዓመት ቢሆን እኔ ራሴ ያንኑ ኮሜንት ቃል በቃል እጽፈው ነበር።

እንዴት መሰላችሁ። ለማስተርስ ቻይና የሄድኩት ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ዠንግዡ ከተማ ነው። ከቋንቋው ትምህርት ጋር ስፖርት የሚባል ኮርስ ነበረን፤ እዚያ 24ቱን ፎርም አስተማሩን። (ፎርም የምለው ተከታትሎ የሚሠራ የእንቅስቃሴ ሰንሰለት ነው፤ ውሹ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ።) ይህ ፎርም ሕዝቡ በቀላሉ እንዲማረው ተብሎ በ1956 በመንግሥት የስፖርት ኮሚሽን የተዘጋጀ አጭር ሥራ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው። ከያንግ ስልት ተቀንጭቦ የወጣ ሲሆን ተሠርቶ ለማለቅ አምስት ስድስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። እኛ ተማሪዎቹ ለፈተና ሠርተን ረሳነው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ አብሮኝ የሚማር ልጅ «የታይ ቺ መንደር እኮ ወንዙን ተሻግሮ ነው» አለኝ። ቢጫ ወንዝን በአውቶቡስ ተሻግረን ዌን ወረዳ ገባን። መንደሩ ቼንጂያጎው ይባላል፤ የቼን ቤተሰብ ቦረቦር እንደማለት ነው። ዙሪያው የስንዴና የበቆሎ እርሻ ነው። ሙዚየም አለው፣ ትምህርት ቤቶች አሉት። አሥር ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ቱታ ለብሰው መሬቱን በእግራቸው ሲደበድቡ፣ ቀስ ብለው ሄደው ሄደው ድንገት እንደ ጅራፍ ጩኸት ቡጢ ሲወረውሩ አየሁ። በቃ፣ ልቤ እዚያው ቀረ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ዠንግዡ ውስጥ የቼን ስልት ከሚያስተምሩ አንድ መምህር ሥር ተማርኩ። መማሩ ጥሩ ነበር። አብሮ የመጣው ትዕቢት ግን ጥሩ አልነበረም። ጠዋት ፓርኩን አቋርጬ ስሄድ በሙዚቃ 24ቱን የሚሠሩ ጡረተኞችን አይቼ በልቤ እስቅ ነበር። ጥግ ላይ ቆመው፣ ጉልበታቸውን እምብዛም ሳያጥፉ፣ በትንንሽ እርምጃ የሚሠሩ አራት አምስት ሴቶችም ነበሩ። እነሱንማ ከቁጥርም አላስገባኋቸውም።

ተመልሼ መጣሁ። የእማዬ ጉልበት ታሞ አገኘሁት። እኔ ደግሞ «ዋናውን» ይዤ መጥቻለሁ! «ዝቅ በይ እማዬ፣ ዝቅ፣ ትንሽ ደግሞ ዝቅ» እያልኩ የቼንን ሰፊና ዝቅ ያለ አቋቋም አስተማርኳት። እሷም ልጇ ከሩቅ አገር ያመጣው ነገር ነውና ጥርሷን ነክሳ ዝቅ አለች። በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ ጉልበቷ አበጠ። ሐኪሙ «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ሲጠይቃት አጠገቧ ቆሜ ነበር። «ደረጃ ስወርድ ነው» አለችው። ዋሸችልኝ። ቤታችን እኮ ደረጃ የለውም።

ያን ማታ ለመምህሬ በዊቻት ጻፍኩላቸው። «እናትህ ስንት ዓመታቸው ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ ለምን ዝቅ አስደረግካቸው?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው አንድ ቪዲዮ ላኩልኝ፤ «መጀመሪያ ይሄን» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነበረው። ቪዲዮው የሱን ስልት ነው። እነዚያ ፓርኩ ጥግ ላይ ያሉት ሴቶች የሚሠሩት፣ እኔ ከቁጥር ያላስገባሁት። የላኩልኝ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ቼን የሠሩ የቼን መምህር ናቸው።

እሁድ ያያችሁት የእማዬ እንቅስቃሴ የመጣው ከዚያ ነው። አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ።

መጀመሪያ ስሙ። «ቺ» የሚለውን ስንሰማ ብዙዎቻችን ቻይናዎች ስለ እስትንፋስና ስለ ውስጥ ኃይል የሚሉትን «ቺ» እናስባለን። እሱ ሌላ ቃል ነው፤ በቻይንኛ ፊደሉም ድምፁም ይለያል። የዚህ ሙሉ ስም ታይጂቹዋን ነው። «ታይጂ» ማለት በዚያ በጥቁርና በነጩ ክብ የሚሳለው ሐሳብ ነው፦ ዪንና ያንግ፣ ባዶና ሙሉ፣ ልስላሴና ጥንካሬ አንዱ ከሌላው እየወጣ መሄዱ። «ቹዋን» ደግሞ ቡጢ ነው። ስለዚህ እማዬ ከኮባው አጠገብ የምትሠራው ነገር በስሙ የቡጢ ጥበብ ነው።

ከየት መጣ? ሁለት ታሪክ አለ። አንደኛው ዣንግ ሳንፌንግ የሚባል የዉዳንግ ተራራ የታኦ መናኝ ወፍና እባብ ሲጣሉ አይቶ፣ እባቡ እየተጣጠፈ ሲያመልጥ ተመልክቶ ፈጠረው የሚለው ነው። ቆንጆ ተረት ነው። በ1930ዎቹ ታንግ ሃው የሚባል የታሪክ ተመራማሪ ይህን ነገር ሊያጣራ ቼንጂያጎው ድረስ ሄደ፤ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መዝገብና የቆዩ ጽሑፎችን አገላብጦ መናኙን ከዚህ ቡጢ ጋር የሚያገናኝ የሚታመን ማስረጃ የለም አለ። ዉዳንግን የሙጥኝ ያሉ ዛሬም አሉ። ግን በመዝገብና በሰው ስም ተከትላችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱ መንገዱ የሚያደርሳችሁ እዚያ የስንዴ መንደር ነው።

እዚያ የምታገኙት ሰው ቼን ዋንግቲንግ ይባላል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ወታደር ነው። የሚንግ ሥርወ መንግሥት በ1644 ሲወድቅ ዘመኑ ያለፈበት ሰው ሆኖ መንደሩ ገባ፤ ግማሽ ቀን እያረሰ፣ ግማሽ ቀን ልጆችን ቡጢ እያስተማረ ኖረ ይባላል። ልብ በሉ፣ እሱም ቢሆን ከባዶ አልጀመረም። ከእሱ በፊት በነበረው ምዕተ ዓመት ቺ ጂጓንግ የሚባል ታዋቂ ጄኔራል ለወታደሮቹ ማሠልጠኛ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ 32 የቡጢ አቋቋሞችን አስፍሯል፤ እነሱንም ከየአካባቢው ስልት መርጦ የሰበሰባቸው ናቸው። ተመራማሪዎች ከእነዚያ 29ኙን በቼን ፎርሞች ውስጥ አግኝተዋል። እንግዲህ «ዋናው» የምንለው ቼን ራሱ ሲወለድም ቅልቅል ነበር።

ከዚያስ? መቶ ምናምን ዓመት በቤተሰብ ውስጥ ቆየ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቼን ቻንግሺንግ (1771–1853) የሚባል መምህር ነበር፤ ሲቆም ቀጥ ከማለቱ የተነሳ መንደርተኛው በአባቶች መታሰቢያ ጣውላ ስም ይጠራው ነበር። ይህ ሰው ከቼን ቤተሰብ ያልሆነ፣ ከሄበይ፣ ዮንግኒያን ከሚባል አገር የመጣ አንድ ድሃ ልጅ ተቀብሎ አስተማረ፦ ያንግ ሉቻን (1799–1872)። ልጁ ማታ ማታ በግድግዳ ቀዳዳ እያየ ሰርቆ ተማረ የሚል ወሬም አለ። ያም ሆነ ይህ፣ የተማረበት ግቢ ዛሬም ቼንጂያጎው ውስጥ ለጎብኚ ይታያል፤ ገብቼ አይቼዋለሁ። ቼኖች የሌላ ቤተሰብ ሰው የተማረበትን ቤት አፍርሰው አልደበቁትም፤ አድሰው ያሳዩታል።

ያንግ ቤጂንግ ገባ፣ የንጉሡን ዘቦችና መሳፍንት አስተማረ። «የማይሸነፈው ያንግ» ተባለ። ከእሱ በኋላ ነው ሐረጉ የሚበዛው፦

የልጅ ልጁ ያንግ ቼንግፉ (1883–1936) ዝላዩን አወጣ፣ ድንገተኛውን ምት አወጣ፤ ሁሉንም በአንድ ፍጥነት፣ ሰፋ ባለ፣ ረጋ ባለ እንቅስቃሴ ሠራው። ነጋዴውም ምሁሩም ታማሚውም መማር የቻለው ያኔ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ታይ ቺ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ነው።

ያንግ ካስተማራቸው ዘቦች አንዱ ማንቹው ቹዋንዮ ነበር። ልጁ ዉ ጂያንቹዋን (1870–1942) የዉን ስልት አወጣ፤ ጠበብ ያለ፣ ለስላሳ፣ ሰውነት ከእግር እስከ ራስ በአንድ መስመር ወደፊት ትንሽ ያዘነበለ።

የዮንግኒያኑ ምሁር ዉ ዩሺያንግ (1812–1880) ደግሞ ከያንግ ሉቻን ከተማረ በኋላ ሥሩን ፍለጋ ሄናን ሄዶ፣ ከቼን መንደር አጠገብ ዣኦባኦ ከሚባል ቦታ ሌላ የቼን መምህር ጋር ተማረ። በአማርኛ ሁለቱንም «ዉ» ብለን እንጽፋለን እንጂ በቻይንኛ ፊደላቸውም ዜማቸውም የተለያየ፣ ዘመድነት የሌላቸው ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። የዚህኛው ስልት ሃው ዌይዠን (1849–1920) ጋር ስለደረሰ ለመለየት ዉ-ሃው ይሉታል።

መጨረሻ ሱን ሉታንግ (1860–1933)። ሲንግዪና ባጓ በሚባሉ ሌሎች የቡጢ ጥበቦች ገና ከታይ ቺ በፊት ስሙ የገነነ ሰው ነበር። በ1910ዎቹ ሃው ዌይዠን ቤጂንግ ለሰው ፍለጋ መጥቶ ታመመ። ሱን ወሰደው፣ ሐኪም ጠራለት፣ አስታመመው። ሃው ሲድን የሚከፍለው ስላልነበረው የሚያውቀውን አስተማረው። የእናቴ ታይ ቺ የተወለደው ከዚያ የሕመም አልጋ ነው።

አምስት ስም፣ አንድ ግንድ። ይህ ነገር ለእኛ አዲስ መሆን አልነበረበትም እኮ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ አንድ ነው፤ የድጓው ቤት ግን ቤተልሔም አለ፣ ቆማ አለ፣ አጫብር አለ፣ ተጉለት አለ። ጎንደር ሄዳችሁ የአቋቋም ላይ ቤትና ታች ቤት ሲከራከሩ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ተማሪው ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሄድ «የቀድሞው የውሸት ነበር» አይልም፤ «እዚያ እንዲህ ይባላል፣ እዚህ እንዲህ» ይላል።

ቲዎሪው ካሰለቻችሁ በአንድ እንቅስቃሴ ላሳያችሁ። «ነጠላ ጅራፍ» የሚባል አለ። ከጄኔራሉ መጽሐፍ ጀምሮ ያለ ስም ነው፤ በአምስቱም ውስጥ ይገኛል። ቼን ሲሠራው እግሩን በሰፊው ከፍቶ ዝቅ ይላል፤ ክንዱ ሐር ከክክቱ እንደሚመዘዝ ሆኖ ተጠማዞ ይወጣል። ያንግ የኋላ እጁን እንደ መንቆር አጥፎ፣ የፊቱን መዳፍ ወደፊት ዘርግቶ፣ ረጅምና ክፍት ሆኖ ይቆማል። የዉ ጂያንቹዋን ሰዎች ጠበብ አድርገው ይሠሩታል። ዉ-ሃውዎች እጃቸው ከእግራቸው ጫፍ አያልፍም፤ ቀኝ እጅ የቀኙን፣ ግራ እጅ የግራውን የሰውነት ግማሽ ብቻ ይጠብቃል። ሱን መንቆሩን ትቶ ሁለቱንም መዳፍ ክፍት አድርጎ፣ ከፍ ብሎ ቆሞ ይዘረጋል። አምስት ቅርጽ ነው። ግን በአምስቱም አከርካሪ ቀጥ ይላል፣ ትከሻ ይወርዳል፣ ክብደቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ተጠንቅቆ ይሻገራል፣ እጁን የሚያንቀሳቅሰው ወገብ ነው።

ሌላ ደስ የሚለኝ ማስረጃ አለ። ቼን ከጅማሬው የሚሠራው እንቅስቃሴ «ላን ዣ ዪ» ይባላል፤ ካባን በስንፍና መታጠቅ እንደማለት። ያንግ ያንኑ ቦታ ላይ ያለውን «ላን ቹዌ ዌይ» ይለዋል፤ የወፍ ጭራ መያዝ። ድምፁን አስተያዩት። ብዙዎች የሚገምቱት ስሙ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ተለወጠ ብለው ነው። ዉ-ሃውና ሱን ግን ካባውን እንደያዙ ናቸው። ቤተሰብ መሆናቸውን ከዚህ በላይ ምን ይናገራል?

እንግዲህ «ዋናው የቱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ እዚህ ላይ አምጡልኝ። ቼን የቆየው ነው፤ አያከራክርም። ግን የዛሬው ቼን ቼን ዋንግቲንግ የሠራው ነው ወይ? የቼን ሰዎች ራሳቸው እንደሚሉት ጥንት ብዙ ፎርሞች ነበሩ፤ ጠቅልሎ ዛሬ ወደሚታወቁት ሁለት ያመጣቸው ያው ያንግን ያስተማረው ቼን ቻንግሺንግ ነው። ቼን ፋኬ (1887–1957) በ1928 ቤጂንግ ገብቶ ሲሠራ ያዩት የከተማው ሰዎች ደነገጡ፤ ቀርፋፋ ታይ ቺ ለምደው ሰውየው መሬት ሲመታ፣ ሲፈነዳ «ይሄ ደግሞ ታይ ቺ ነው እንዴ?» አሉ። አያችሁት? ያኔ «ይሄማ ታይ ቺ አይደለም» የተባለው ቼን ነበር! ዛሬ ተራው የእማዬ ደረሰ።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ታይ ቺን እስከ ዛሬ ያቆየው እያንዳንዱ መምህር ከፊቱ የቆመውን ሰው አይቶ መለወጡ ነው። ወታደር ሲቆም ለወታደር፣ የቤተ መንግሥት ዘብ ሲቆም ለዘብ፣ የሻንጋይ ነጋዴ ሲቆም ለነጋዴ። በየመሸጋገሪያው ደግሞ አንድ ሰው የራሱ ወገን ላልሆነ ሰው በሩን ከፍቷል፦ ቼን ለያንግ፣ ያንግ ለማንቹው፣ ታማሚው ሃው ላስታማሚው ሱን። «የእኔ ብቻ ነው ዋናው» ብለን በር የምንዘጋ ሰዎች የምንከራከርለትን ነገር ታሪክ አናውቀውም። ዩኔስኮ በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍረው የመዘገበው ታይጂቹዋን ብሎ በአንድ ስም ነው።

«ታዲያ ሁሉም እኩል ነው፣ እጅ ያወዛወዘ ሁሉ ታይ ቺ ሠራ ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። እዚህ ላይ ቼን የምትሠሩ ልጆች እውነት አላችሁ። ቅርጹን ብቻ ይዞ ውስጡ ባዶ የሆነ ብዙ አለ፤ ትከሻው ተሰቅሎ፣ ወገቡ ሞቶ፣ እጁ ብቻውን የሚዋኝ። ቡጢነቱ ሲረሳ እንቅስቃሴው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይረሳል፤ ለምን እንደሆነ ሲረሳ ደግሞ ይበላሻል። በሁለት ቅዳሜና እሁድ ሥልጠና «የታይ ቺ አሠልጣኝ» የሚል ወረቀት የሚሰጥም አይቻለሁ። ግን ይሄ በሽታ በሁሉም ስልት ውስጥ አለ። ቼን ለብሶ ባዶ የሆነ ሰው አውቃለሁ፤ በደንብ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነበርኩ።

ይህንን ያሳዩኝ እዚያው ፓርክ ውስጥ ያንግ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቱይሾው የሚባል ልምምድ አለ፤ ሁለት ሰው ክንድ ለክንድ ተነካክቶ አንዱ የሌላውን ሚዛን የሚፈልግበት። እኔ የ27 ዓመት ጎረምሳ፣ እሳቸው ከ70 በላይ። ገፋሁ፤ የገፋሁት ነገር ጠፋ። እንደገና ገፋሁ፤ ወደፊት ተንደርድሬ ዛፍ ይዤ ዳንኩ። ሦስተኛ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው «ትከሻህ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። የቼን መምህሬም በየሳምንቱ የሚሉኝ ያንኑ ቃል ነበር። ክንድ ለክንድ ስትነካኩ ስታይል የሚባል ነገር አይታይም፤ የሚታየው የላላ ትከሻና ያልላላ ትከሻ ነው።

ስለ ጤናው ደግሞ ልክ ልኩን እንናገር። ታይ ቺ መድኃኒት አይደለም፤ ክኒናችሁን አትተዉ። ግን ባዶ ወሬም አይደለም። በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት 195 የፓርኪንሰን ሕመምተኞችን በሦስት ከፍሎ ለ24 ሳምንት ተከታተለ፦ አንዱ ቡድን ታይ ቺ፣ አንዱ የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ አንዱ ሰውነት ማፍታታት። ሚዛን በመጠበቅ ታይ ቺ የሠሩት ከሁለቱም በለጡ፤ መውደቅም ከአፍታቾቹ ቡድን ሲተያይ ቀነሰ። በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ ዶክተር ፖል ላም ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ለመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ፕሮግራም ሲያዘጋጅ ደግሞ መሠረቱ ያደረገው የሱንን ስልት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አቋቋሙ ከፍ ያለ ነው፣ የኋላ እግር ሁልጊዜ የፊቱን ስለሚከተል ክብደት አንድ ጉልበት ላይ ተጭኖ አይቆይም። መምህሬ «መጀመሪያ ይሄን» ያሉኝ ለዚህ ነበር።

የቀረው የባዕድ አምልኮው ነው። ይሄን በቀልድ አላልፈውም፤ ምክንያቱም እማዬን በእውነት ያስጨነቃት እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ዪንና ያንግ የቻይና የጥንት ፍልስፍና ነው፤ ታኦዎችም ይጠቀሙበታል፣ ታይ ቺን ከእምነታቸው ጋር አያይዘው የሚሠሩም አሉ። እኔ በተማርኩበት ግን ጸሎት አልነበረም፣ ስግደት አልነበረም፣ ዕጣን አልነበረም። ተከትለን የመጣነው ሐረግም የወታደርና የገበሬ፣ የዘብና የምሁር ነው። ሐሙስ ዕለት እማዬ ራሷ የንስሐ አባቷን ጠየቀቻቸው። «ሲሠሩት ምን ይባላል?» አሏት። «ምንም አይባልም አባቴ፤ አንድ ሁለት እያልኩ እቆጥራለሁ እንጂ» አለቻቸው። «በምን ይጀምራሉ?» «እንደ ሁሉም ነገር በስመ አብ ብዬ ነዋ።» ሳቅ ብለው «እንግዲያ ጉልበትዎ ለቅዳሴ እንዲያቆምዎ ይበርቱ» አሏት። ይህን የምነግራችሁ የእሳቸው ቃል ለሁላችሁም ፍርድ ይሁን ብዬ አይደለም። የሚያሳስባችሁ ሰዎች እንደ እሷ የምታምኑትን ሰው ጠይቁ፤ የማታውቁትን ሰው እናት በኮሜንት አትኮንኑ።

እማዬ፣ እህቴ እዚህ ስትደርስ እየሰማሽ ነውና፦ ያስተማርኩሽ የውሸት አይደለም። የውሸት የነበረው የመጀመሪያው ነው፤ ስልቱ ውሸት ሆኖ ሳይሆን እኔ ጉልበትሽን ሳላይ ስላስተማርኩሽ። ሐኪሙ ጋ የዋሸሽልኝንም አልረሳሁም።

ቼን ለምትሠሩ፦ በርቱ፣ እኔም እሠራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት መሬቱን ስመታ ጎረቤት ያማርራል። ያንግ ለምትሠሩ፣ 24ቱን ለምትሠሩ፣ ዉዳንግ ነን ለምትሉም በርቱ። ለእናት ለአባቶቻችሁ ልታስተምሩ ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ፣ ከዚያ ከፍ ብለው ይቁሙ፣ ጉልበት ከእግር ጣት አይለፍ፣ ያመመ ነገር ካለ ያቁሙ። «ዝቅ በሉ» አትበሏቸው። የእኔ ስህተት ይብቃ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይህን እየጻፍኩ በመስኮት አያታለሁ፤ ነጠላዋን አስራ ወጥታለች። ነጠላ ጅራፉ ላይ ግራ እጇን አሁንም አብዝታ ታነሳለች፤ ስጨርስ ወጥቼ አርማታለሁ። ከፈቀደችልኝ ነገ አዲስ ቪዲዮ እለጥፋለሁ። ኮሜንት ስትጽፉ ግን እንደምታነበው አስቡ።